ዐጻዌ ኆኅት በማኅፀን

በአገራችን ሰው ተወልዶ ያደገበትን ምድር በናፍቆት ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል፤ ያ እትብት በሌላው ጫፉ ተያይዞበት የነበረውን እንግዴ ልጅን ግን በናፍቆት የሚያነሣው የለም። አዋላጂቱ ሕፃኑን ተቀብላ እልልታው ከተሰማ በኋላም ቢሆን፣ እንግዴ ልጁ እስኪወርድ ድረስ ቤተ ሰቡ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ይጠብቃል፤ ከወረደና ሳይጐድል መውጣቱ ከታየ በኋላ ግን ወዲያው ተጠቅልሎ ይቀበራል፣ በዚያውም ይረሳል። እኔስ ስሙን በሰማሁ ቍጥር እንግዳን ያስታውሰኛል፤ ዘጠኝ ወር በሰው ቤት አድሮ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ ስንቅ እንኳ ሳይቋጠርለት የሚሄድ እንግዳ።

ነገር ግን ይህ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን ሥጋ ለፅንሱ ሳንባም፣ ኵላሊትም፣ ማዕድ ቤትም ሆኖ ከማገልገሉ በላይ አንድ ሌላ ሹመት አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዐጻዌ ኆኅት የሚባለው አገልጋይ በደጁ ቆሞ የሚገባውንና የማይገባውን እንደሚለይ፣ እርሱም ከእናቲቱ ደም ወደ ልጁ ደም ምን ይለፍ፣ ምንስ ይመለስ የሚለውን የሚወስን በረኛ ነው፤ እናት የዋጠችው መድኃኒት፣ የጠጣችው መጠጥ፣ የተነፈሰችው ጢስ ሁሉ በእርሱ እጅ ሳያልፍ ከልጁ አይደርስም። ሰዎች ይህን በረኛ ለማወቅ ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀባቸው፣ ይልቁንም የበረኛው ጌታ እናቲቱ ናት ወይስ ልጁ የሚለውን ለመረዳት ምን ያህል እንደ ዘገዩ ማሳየት የዚህ ሐተታ አሳብ ነው። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

የጥንቱ ሊቅ አርስጣጣሊስ እትብትን በዕፅ ሥር መስሎ፣ ተክል ከምድር እንደሚመገብ ፅንስም ከማኅፀን በእትብቱ ይመገባል ሲል አስተማረ። በሮማ ቄሣሮች ዘመን የተነሣው ጋሊኖስ ደግሞ የእናቲቱና የልጁ የደም ሥሮች አፍ ለአፍ እንደ ገጠሙ ጻፈ፤ ይህም ቃል ከሺሕ ዓመት በላይ እንደ ቀኖና ተጠብቆ ኖረ። በዚህ አሳብ ደጅም በረኛም የለም፤ እናትና ልጅ በአንድ ቦይ የሚጠጡ ሁለት ማሳዎች ናቸው። በ1559 ኢጣልያዊው ሊቅ ሬያልዶ ኮሎምቦ ለዚህ አካል ስም ሲፈልግለት መልኩን ከጠፍጣፋ ኅብስት ጋር አስተያይቶ በላቲን «ፕላሴንታ» አለው፤ የእኛ ሰው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ድፎ ይለው ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቈይቶ የቦሎኛው ጁሊዮ ቸዛሬ አራንዚ ስለ ሰው ፅንስ ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱ ደም ሥሮች ከቶ አይገናኙም ብሎ በጋሊኖስ ቃል ላይ ተነሣ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ ተጠራጣሪን በዐይኑ አሳይቶ የሚያሳምነው ማስረጃ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ መጣ።

የመጣውም በሞት በኩል ነው። በ1754 በግንቦት ወር በለንደን ከተማ አንዲት ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ጊዜ በተቃረበበት ሰዓት ዐረፈች፤ ማኬንዚ የሚባል ሐኪም ቀለም የገባበትን ሰም አቅልጦ በደም ሥሮችዋ ውስጥ ከሞላ በኋላ፣ ያየውን የሚተረጕምለት ሰው ቢያስፈልገው በሰውነት ክፍሎች ምርመራ ስሙ መታወቅ የጀመረውን ወጣቱን ጆን ሀንተርን ጠራው። ሰሙ ረግቶ እንግዴ ልጁ ሲከፈት፣ የእናቲቱ ደም ሥሮች በእንግዴ ልጁ ውስጥ ወዳሉ ክፍተቶች እንደሚፈስሱ፣ በእነዚያ ክፍተቶች የተጠራቀመው ሰም ግን ወደ ልጁ ደም ሥሮች እንደማያልፍ በግልጥ ታየ። ጆን ይህን ይዞ ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ዊልያም ሀንተር ሄደ። ዊልያም በለንደን የታወቀ የወሊድ ሐኪም ነበረና በ1774 ያረገዘችን ሴት ማኅፀን በ34 ሥዕሎች የሚያሳየውን ታላቅ መጽሐፉን አወጣ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ ያያቸውን ሁሉ የሚያስደነግጡ፣ የሥጋው ጥራት ከመዳብ ቅርጽ ላይ የሚዳሰስ የሚመስልባቸው ናቸው። የዚህ ግኝት ክብር የማን ነው በሚለው ግን ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ ጆን በ1780 ክርክሩን በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ፊት አቀረበ፣ ማኅበሩም ሳያትመው ቀረ፣ ዊልያምም በ1783 ሲሞት በኑዛዜው ለጆን ያስቀረለት ነገር አልነበረም። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት ወንድማማች በማኅፀን ምሥጢር መለያየታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ስለዚያች ስለ ሟቿ ሴት ግን የተከራከረ የለም።

ደሙ አይቀላቀልም ማለት ግን በደሙ የተሸከመው ሁሉ አያልፍም ማለት አይደለም፤ በሽታውም ሆነ መድኃኒቱ በዚህች በጠባቧ ልዩነት በኩል ነው የሚገባው። በ1847 በኅዳር ወር የኤዲንበርጉ የወሊድ ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ምጥ ለያዛት ሴት ክሎሮፎርም በማሽተት ሥቃይዋን ማስታገሥ ጀመረ። በጭንቅ ትወልጃለሽ ተብሎ ለሔዋን የተነገረውን ቃል ተቃወመ እንዳይባል ሠግቶ፣ እግዚአብሔር ከአዳም ጐድን አጥንት ሲወስድ አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበት በመጥቀስ መከራከሪያውን በዚያው ዓመት አሳተመ፤ በመጽሐፍ የከሰሰውን በመጽሐፍ ለመርታት የተዘጋጀ ብልህ ሰው ነበር፣ ምንም እንኳ የተቃወሙት ካህናት እርሱ እንደ ፈራው ብዙ ባይሆኑም። በ1853 ጆን ስኖው ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ክሎሮፎርሙን በመሐረብ ላይ እያንጠባጠበ ካሸተታት ወዲህ ደግሞ ንግሥቲቱ የተቀበለችውን ለመንቀፍ የሚደፍር ተመናመነ።

በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል እናቲቱ ተጠየቀች፣ መጽሐፍም ተጠየቀ፤ ያሸተተችው እንፋሎት ከልጁ ይደርስ እንደ ሆነ በቤተ ሙከራ የጠየቀ ግን ለብዙ ጊዜ አልተገኘም። ይህን የጠየቀው የስዊስ ተወላጁ ሐኪም ፓውል ጽቫይፍል ነው፤ በ1870ዎቹ ዓመታት ክሎሮፎርም ከእናቲቱ አልፎ ልጁ ዘንድ መድረሱን በኬሚካዊ ምርመራ አረጋገጠ፣ በ1876ም ሕፃኑ ገና የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሳይተነፍስ በእትብቱ ደም ውስጥ ኦክሲጂን መኖሩን አሳየ። እንግዲህ ለሕፃኑ እስትንፋስን የሚያስገባው ያው ደጅ የሐኪሙንም መድኃኒት እንደሚያስገባ በዚያው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ታውቆ፣ ተጽፎ፣ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንባቢው ይህን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ካለማወቅ ይልቅ ከመርሳት የመጣ ነውና።

በማጉያ መነጽር የሚመራመሩት ሊቃውንት ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ግድግዳ መቍጠር ሆነ። ኔዘርላንዳዊው ሁብሬኽት በ1889 ፅንሱን ለሚመግበው ውጫዊ የሕዋስ ሽፋን «ትሮፎብላስት» የሚል ስም አወጣለት፤ ኦቶ ግሮሰር ደግሞ በ1909 እንስሳትን በእናትና በፅንስ ደም መካከል ባሉት ንብርብሮች ቍጥር መደባቸው። በፈረስና በዐሣማ ንብርብሮቹ ስድስት ናቸው፤ በሰው ግን የእናቲቱ ደም ከሥሯ ወጥቶ የልጁን ሥጋ በቀጥታ ስለሚያጥበው ሦስት ብቻ ይቀራሉ። ሠንጠረዡ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ደጁን እንደ ድንጋይ ካብ ቈጥሮ፣ ካቡ ሲሳሳ ብዙ ያልፋል፣ ሲወፍር ጥቂት ያልፋል ወደሚል የግንበኛ አሳብ ወሰደው። በሐኪሞችም ዘንድ ማኅፀን ልጁን ከውጭው ክፉ ነገር ሁሉ የሚጋርድ ጽኑ ቅጥር ነው የሚለው እምነት ሥር ሰደደ።

ቅጥሩን መጀመሪያ የደፈረው ተላላፊ በሽታ ነው። በ1941 በአውስትራልያ በሲድኒ የዐይን ሐኪም የነበረው ኖርማን ግሬግ የዐይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን መዝግቦ፣ የአብዛኞቹ እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ በሚባለው ኩፍኝ መሰል ቀላል በሽታ ታምመው እንደ ነበር ገለጠ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከበሽታ ሳይሆን ከመድኃኒት ነበረ። የምዕራብ ጀርመኑ ግሩነንታል ኩባንያ ታሊዶማይድ የተባለውን ማስተኛ መድኃኒት «ኮንቴርጋን» በሚል ስም ከጥቅምት 1 ቀን 1957 ጀምሮ ለገበያ አወጣው፤ ጕዳት የሌለበት ተብሎም ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ ነበርና የጧት ማቅለሽለሽ ያስቸገራቸው ብዙ ነፍሰ ጡሮች ይወስዱት ጀመር። ለገበያ ከመውጣቱም አስቀድሞ በ1956 በፈረንጆች የልደት በዓል ቀን ከኩባንያው ሠራተኞች ለአንዱ ጆሮ የሌለው ሕፃን ተወልዶለት ነበር፤ ምክንያቱን ግን በጊዜው የመረመረ አልነበረም።

በሐምቡርግ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ቪዱኪንት ሌንጽ ክንዳቸውና እግራቸው ያላደገ ሕፃናት ሲበዙበት ከቤት ወደ ቤት እየሄደ እናቶችን ጠየቀ፤ በኅዳር 1961 መድኃኒቱን በይፋ ከሰሰ፣ በዚያው ወር መጨረሻም ከጀርመን ገበያ ተነሣ፤ የአውስትራልያው ዊልያም ማክብራይድም በታኅሣሥ ተመሳሳይ ጥርጣሬውን በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በዚያን ጊዜ ግን በልዩ ልዩ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጐድተው ነበር። ጥፋቱ የሚደርሰው ከተፀነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ገና ባላረጋገጠችበት ጊዜ። በአሜሪካ ግን በ1960 የመድኃኒት ተቈጣጣሪ ሆና የተቀጠረችው ፍራንሲስ ኬልሲ ማስረጃው አይበቃም እያለች ፈቃዱን ደጋግማ በመከልከሏ መድኃኒቱ በዚያ አገር ለሽያጭ ሳይወጣ ቀረ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም በ1962 ሸለማት። እኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የምቈጥርላት፣ ሌሎቹ መልስ ሲሰጡ እርሷ መጠየቋን አለማቋረጧን ነው። የታሊዶማይድ ሞለኪዩል ክብደት 258 ያህል ብቻ ነው፤ ክብደታቸው ከ500 በታች የሆኑና በስብ የሚሟሙ ነገሮች በእንግዴ ልጅ ውስጥ በቀላሉ እንደሚያልፉ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በተቃራኒው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ግዙፍ ስለ ሆነ አያልፍም፤ ለዚያው ሥራ የሚሰጠው ዋርፋሪን ግን ትንሽ ነውና ያልፋል።

እንግዲህ ደጁ ራሱ ምን ይመስላል? ከእንግዴ ልጁ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተኑ ጣት መሰል ነገሮች በእናቲቱ ደም ባሕር ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ልጁ ሊወለድ ሲደርስ ገጻቸው በሙሉ ቢዘረጋ ከ11 እስከ 13 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በ1955 አሜሪካውያኑ ዊስሎኪና ዴምፕሲ በኤሌክትሮን ማጉያ መነጽር ሲመለከቱት የቀደሙት ሰዎች እንደ ካብ የቈጠሩት ነገር ዝርዝሩ ታየ። በስተ ውጭ ያለው ሽፋን ብዙ ሕዋሳት ተዋሕደው አንድ የሆኑበት፣ በመካከሉ ወሰን የማይገኝበት፣ በወንጌል እንደ ተጻፈው ቀሚስ ስፌት የሌለው ልብስ ነው። ከእርሱ በታች ስስ የማያያዣ ሥጋ አለ። ከዚያ በታች የልጁ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይመጣሉ፤ ውስጣቸውም በአንድ ረድፍ በተነጠፉ ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ፊተኛው ሽፋን ስፌት አልባ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ከጐረቤቱ ጋር በፕሮቲን ማያያዣ ተጠላልፎ ይገጥማል፤ በመገጣጠሚያውም በኩል ውኃና ትናንሽ ነገሮች ሲያልፉ ትላልቆቹ ይቀራሉ። እናቲቱ በስኳር በሽታ የታመመች እንደ ሆነ ይህ መገጣጠሚያ ሊላላና ሊያፈስስ እንደሚችል ተመራማሪዎች አይተዋል። እርግዝናው ሲገፋ የልጁ ደም ሥሮች ወደ ውጭ እየተገፉ ከላይኛው ሽፋን ጋር ይጣበቃሉ፤ በሁለቱ ደሞች መካከል የሚቀረው ርቀትም ከአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ያነሰ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያልተስተዋለ አንድ ነገር አለ። ስፌት አልባው ሽፋን የልጁ ነው፤ የማያያዣው ሥጋ የልጁ ነው፤ የደም ሥሮቹም የልጁ ናቸው። የእናቲቱ ድርሻ ደሟን እስከ ደጁ ማምጣት ነው፤ ደጁን የሠራውና በረኛውን ያቆመው ያልተወለደው ልጅ ራሱ ነው። ሐኪሞች እናት ልጅዋን በማኅፀንዋ ቅጥር ትጋርደዋለች ሲሉ የኖሩት አነጋገር ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ቤቱን በተከራዩ ሳይሆን በባለቤቱ ስም መጻፍ ይገባ ነበር።

በረኛው ቆሞ የሚያይ ግንብ ብቻ ሳይሆን እጅ ያለው መሆኑ የታወቀው ደግሞ ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በ1972 በኒው ዮርክ ሽናይደር፣ ፓኒዤልና ዳንሲስ የተባሉ ሊቃውንት ገና የተወለደ እንግዴ ልጅ ሳይጣል ተቀብለው፣ በእናትም በልጅም በኩል ፈሳሽ እያዘዋወሩ ሕያው የሆነ ያህል የሚያሠሩበትን ዘዴ አወጡ፤ መድኃኒት በአንድ ወገን አስገብቶ በሌላው ወገን መለካት ተቻለ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ከተማ ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ ከተጣለ እትብት ውስጥ የደም ሥር ሽፋን ሕዋሳትን አውጥተው በብርጭቆ ዕቃ አሳደጉ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስለ ደም ሥር የሚደረገው ምርምር እጅግ ብዙው በእነዚያ የእትብት ሕዋሳት ላይ ቆሟል፤ እኛ የምንቀብረውን እነርሱ ዘር አድርገው ዘሩት ማለት ነው። በ1976 ደግሞ በቶሮንቶ ጁሊያኖና ሊንግ መድኃኒት የማይበግራቸውን ሕዋሳት ሲመረምሩ መድኃኒቱን ከሕዋሱ እየቀዳ ወደ ውጭ የሚረጭ ፕሮቲን አገኙ። ኋላም ይኸው ፕሮቲን በእንግዴ ልጁ ስፌት አልባ ሽፋን ላይ፣ ወደ እናቲቱ ደም ፊቱን አዙሮ ተሰልፎ ተገኘ፤ የሚገባውን መድኃኒት ወደ መጣበት ይመልሳል። በ1998 ሌላ የዚህ ወገን ፕሮቲን ታወቀ፤ አንዱ ቡድን በጡት ነቀርሳ ሕዋስ ስላገኘው በነቀርሳው ሲጠራው፣ ሌላው በእንግዴ ልጅ ስላገኘው በእንግዴ ልጅ ጠራው። ይህ ሁለተኛው በስፌት አልባው ሽፋን ብቻ አልተወሰነም፤ በልጁ ደም ሥር ውስጠኛ ሕዋሳትም ላይ ይገኛል። የደም ሥሩ ሽፋን ቧንቧ ብቻ እንደ ሆነ ይታሰብ ለነበረው ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር፤ ለካ የውጩን በረኛ አምልጦ የገባ መድኃኒት በውስጠኛው ደጅ ሌላ በረኛ ይጠብቀው ኖሯል።

የልጁ ድርሻ በማያሻማ መንገድ የታየው በዚያው በ1998 በአይጦች ነው። ላንካስና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን ፕሮቲን በተፈጥሮ ያጡ አይጦች ያሉበትን ዘር ወስደው፣ ለአርጋዦቹ ከአቬርሜክቲን ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ሰጧቸው። በአንዲት እናት ማኅፀን ውስጥ አብረው ካሉት ፅንሶች ፕሮቲኑ የሌላቸው ላንቃቸው ተሰንጥቆ ሲወለዱ፣ ፕሮቲኑ ሙሉ የሆነላቸው ወንድሞቻቸው ግን በደኅና ተወለዱ። እናቲቱ አንዲት፣ መድኃኒቱ አንድ፣ መጠኑም አንድ፤ ልዩነቱ የእያንዳንዱ ልጅ በረኛ ብቻ ነበረ።

ደጁ እንዲዘጋ ብቻ ሳይሆን እንዲከፈት የተፈለገበትም ጊዜ አለ። በ1972 በኒው ዚላንድ ሊጊንስና ሃዊ ያለ ጊዜው ሊወለድ ለደረሰ ልጅ ሳንባው እንዲበስል ለእናቲቱ ቤታሜታዞን መስጠት እንደሚረዳ አሳዩ፤ ይህን መድኃኒት እንግዴ ልጁ እንደ ብዙዎቹ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒቶች እስከዚህ አያመክነውም። በ1994 ደግሞ ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ለኤች አይ ቪ ተሸካሚ እናቶችና ለሕፃናታቸው ሲሰጥ ወደ ልጆች የሚተላለፈው ቫይረስ ከ25.5 ከመቶ ወደ 8.3 ከመቶ መውረዱ ተገለጠ፤ የመድኃኒቱ ወደ ልጁ ማለፍ እዚህ ላይ በረከት ሆነ። ሕክምና ከበረኛው ጋር መጣላት ትቶ መነጋገር የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በአይጦቹ ላይ የተሞከረው የአቬርሜክቲን ወገን ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጃፓን አፈር ከተገኘ ጥቃቅን ፍጥረት የወጣው ይህ መድኃኒት ልጁ የሆነውን አይቨርመክቲንን አስገኘ፤ እርሱም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው፣ ቆዳን ለሚያሳክከውና ዐይንን ለሚያሳውረው ኦንኮሰርካይሲስ በየመንደሩ በነጻ ይታደላል። አዳዮቹ ሰውን ሁሉ ከመለኪያው በትር አጠገብ እያቆሙ በቁመቱ ልክ ክኒኑን ይሰጡታል፤ ነፍሰ ጡሮችን ግን ከሰልፉ ለይተው ያስቀሯቸዋል፤ የእነርሱ ተራ የሚደርሰው ከወለዱና ሕፃኑ አንድ ሳምንት ከሞላው በኋላ ነው።